የሶልያና እርሾ

በወይን ሰፈር ሰው ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ጣሪያውን ይንጣል። ጎህ ሲቀድ መሰላሎች ይንቋቋሉ። አባወራው ወይም እማወራዋ ይወጡና ድሮ ቆርቆሮ በነበረበት ላይ የተነጠፉትን ረጃጅም ከረጢቶች በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሻሉ። ውስጥ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ይንቦጫረቃል፤ የዘቀጠው ባክቴሪያ ይነሳል፣ ብርሃን ያልደረሰው ተራው ይደርሰዋል። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ላይ ሲንጥ እርጥብ እጆች የሚያጨበጭቡ ይመስላል። ድምፁ ከሻላ ሐይቅ ማዶ ድረስ ይሰማል ይባላል።

ቀኑ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባክቴሪያው ከብርሃን በሚሠራው ኃይል ምድጃው ይግላል፣ መብራቱ ይበራል፣ የሐይቁን ውሃ የሚያጠራው ማጣሪያ ማጉረምረም ይጀምራል። ከሁሉም ዋናው ማጣሪያው ነው። ያልተጣራ ውሃ እዚያ አገር ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይ ደግሞ ጉልበት ይቆልፋል። በድሮ ፎቶ ላይ ያሉ ሰዎች ለምን አፋቸውን ገጥመው እንደሚስቁ ለሰፈሩ ልጆች አይገባቸውም። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ልማድ ግን አለ። ለእንግዳ ውሃ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ አንድ ጉንጭ ይቀምስና ነው የሚያቀብለው። የተጣራ ነው፣ እኔም የምጠጣው ይኸው ነው ማለቱ ነው። የተጣላ ጎረቤት እንኳ ለጎረቤቱ ሳይቀምስ አይሰጥም።

ያብስራ መሰላል ሠሪ ነው። በወይን ሰፈር ካለው መሰላል እኩሌታው የሱ እጅ ሥራ ነው። ሰው የሚያከብረው ግን በሚስቱ ነበር። በረጅሙ ድርቅ ጊዜ የአካባቢው ጣሪያ ሁሉ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ ሲሞት፣ ሶልያና አንዲት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛ ከረመች። ድርቁ ካለፈም በኋላ ከሐይቁ ዳር እየጨለፈች፣ እየደባለቀች፣ አልሆን ያለውን እየደፋች፣ ደመና የማይበግረው ዘር እስክታገኝ ዓመታት ፈጀባት። ሌላ አገር ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያንቀላፋል። የሶልያና ዘር ብርሃን ሲቀንስበት ይብስ ይጠቁርና የተገኘችውን ጭላንጭል ሁሉ ይለቅማል። የሰፈሩ ጣሪያ በሙሉ የዚያች ጠርሙስ ልጅ ነው።

ሶልያና ከሞተች ወዲህ ሦስተኛው ክረምት እየመጣ ነበር። ያብስራ በየጠዋቱ ሲንጥ፣ ማንም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዴት አደርሽ" ይላል።

ድርጅቱ በየዓመቱ መኪና ይልክ ነበር። የራሱ ስም አለው፤ ሰው ግን ድርጅቱ ነው የሚለው። በአገሩ ያለው ጣሪያ አብዛኛው የሱን ከረጢት ለብሶ፣ የሱን ዱቄት በየወሩ እየበላ ነው የሚያድረው። መኪናው ወይን ሰፈር ሲደርስ ግን ኪሩቤል የሚባል አፈኛ ሽማግሌ መንገዱ መሀል ወንበር አውጥቶ ይቀመጥበታል።

"የኛ ጣሪያ ይወልዳል" ይላቸዋል። "የናንተ በቅሎ ነው። በቅሎ ደግሞ አንዴ ገዝተን አይተናል።"

መኪናው እንደመጣ ይመለሳል።

ግንቦት ሲያልቅ የእርሾ ቀን ይውላል። እያንዳንዱ ቤት ከጣሪያው አንድ ጣሳ ቀድቶ ያመጣና በጋራው በርሜል ውስጥ ይገለብጣል። ይማሰላል። ከዚያ ሁሉም ከድብልቁ አንድ አንድ ጣሳ ወስዶ ጣሪያው ላይ ይጨምራል፤ የደከመው ከበረታው እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያ የሚያፈስሰው ሰው ሕዝብ እያየው አንድ ጉንጭ ይጠጣል። ይህ ክብር የሶልያና ነበር፤ አሁን የያብስራ ነው። ሌላም ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። የሰውን እርሾ በመሣሪያ ማየት ነውር ነው። ቤትህ የመጣን እንግዳ በር ላይ አቁሞ ኪሱን እንደመፈተሽ ይቆጠራል።

ናሆም የመጣው የዚያን ቀን ዋዜማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ በእጁ ጀሪካን አንጠልጥሎ።

የያብስራ ሚዜ ነበር። በሠርጉ ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ሙሽራይቱን አዝሎ ያሻገራት እሱ ነው፤ ፎቶ አንሺውም እሱ፣ ዘፋኙም እሱ። ድርቁ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ከተማ ገብቶ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዘ ተባለ። ለቀብሯ አልደረሰም፤ በስልክ ነው ያለቀሰው።

"ሚዜ!" አለ ከበሩ ማዶ።

ያብስራ መጋዙን ጣለ። "አንተ ሰውዬ! ሞተሃል ብለውኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩልህ እኮ።"

"ስንት ቀን?"

"ግማሽ ቀን። ከዚያ መሰላል ገዢ መጣ።"

ተቃቅፈው ቆዩ። ናሆም ሸብቷል፤ ሆድም አውጥቷል። ያብስራ ውሃ ቀድቶ አንድ ጉንጭ ቀመሰና ሰጠው። ናሆም ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

"የዚህ አገር ውሃ ናፍቆኝ!" አለ አፉን እየጠረገ። "ከተማ ማንም አይቀምስልህም። ያቀብሉሃል፣ ትጠጣለህ፣ በቃ።"

"ሰውየው ከተማ ገብቶም ልማዱን አልረሳም፤ ጥሩ ነው። ይሄ ጀሪካን ምንድነው?"

ናሆም ጀሪካኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ቆየ።

"ያንተው ነው" አለ በመጨረሻ። "ስሄድ ሶልዬ አንድ ጠርሙስ ሰጥታኝ ነበር። እኛ እዚህ አንድ ነገር ብንሆን እዚያ ይትረፍ ብላ። ያን ጊዜ ነው ዘሩ የወጣላት፣ ታስታውሳለህ? እንግዲህ ያኔ እንደሰጠችኝ ነው ይዤው የኖርኩት። እዚህ ያለው ስንት ዓመት ሙሉ ከየቤቱ ሲደባለቅ ሳስቷል። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ነገ ብታፈስሰው… እንጃ። ለቀብሯ ያልመጣሁት ሰውዬ ምን ይዤ ልምጣ?"

ያብስራ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ። እርጥብ ድንጋይ፣ ከሥሩ ትንሽ የእንቁላል ሽታ። የሚስቱ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ በሳሙና ታጥባ እንኳ አይለቃትም ነበር። ቀለሙ ደግሞ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ሲይዙት ጥቁር እስኪመስል የጠገበ ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ናሆም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያብስራም ይህን ከደግነት ቆጠረለት።

የትምህርት ቤቱ መምህርት፣ ቢታኒያ የምትባል፣ ወሬውን ሰምታ ሳይመሽ መጣች። ጀሪካኑን ዙሪያውን አየችው።

"ጋሽ ያብስራ፣ እንዳይቀየሙኝ" አለች። "ከሩቅ የመጣ ነው። የትምህርት ቤቱ ማጉያ መነጽር ሥር አንዲት ጠብታ ላድርገው? ደቂቃም አይፈጅ።"

"የሚዜዬን እጅ ልትፈትሺ?"

"እሳቸውን አይደለም—"

"ሶልያና የሰጠችው ነው። እሷን ነው እንግዲህ የምትፈትሺው።"

መምህርት ቢታኒያ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሄደች። ናሆም ይህ ሁሉ ሲባል ጫማውን እያየ ነበር።

በማግስቱ ሕዝቡ በርሜሉን ከበበ። ያብስራ የናሆምን ነገር ሲናገር ሴቶቹ እልል አሉ። ናሆም ከጀሪካኑ ጣሳ ሞልቶ መጀመሪያ ራሱ ጠጣና ለያብስራ አቀበለው። ያብስራም ጠጣ።

"እሰይ!" አለ ኪሩቤል። "ከሞታችሁም ባንድ ጉድጓድ ነው፤ ቁፋሮ አታበዙብንም።"

ተሳቀ። ያብስራ ጀሪካኑን ወደ በርሜሉ ገለበጠ። ሌላውም ተከተለ። ተማሰለ። ሁሉም የድርሻውን ይዞ ሄደ። ለታመሙትና ላልመጡት ያብስራ ራሱ በየበራቸው አደረሰላቸው፤ ድርሻ ሳይደርሰው የቀረ ቤት እንዳይኖር ብሎ።

ናሆም ምሳ ሳይበላ በዚያው ሄደ። ሥራ አለብኝ አለ። የማን ሥራ እንደሆነ ያብስራ አልጠየቀውም።

በሰኔ መጀመሪያ ጣሪያዎቹ እንደዚያ ዓመት አምረው አያውቁም ነበር። ደመናው ሲወፍር ግን ማጣሪያዎቹ ማቃሰት ጀመሩ። ያጉረመርማሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ምድጃው ለብ ይልና ይቀራል። ሰው ጥፋቱን ከራሱ ስንፍና ቆጠረው። ጠዋት የሚንጠው ቀትርም ደገመ፤ ዝናብ ላይ ቆመው የሚንጡ ነበሩ። ከረጢቶቹ አልነጡም፣ አልሸተቱም፣ አልተበላሹም። ቀለሙ ያው ጠግቦ፣ ጉልበት ብቻ የለም። የታመመ ሰው ፊቱ ሲገረጣ ያስታውቃል፤ ይህ ጉንጩ እየቀላ የሚሞት ሰው ነበር።

ያብስራ በስልክ ለናሆም ድምፅ ላከ። "ሚዜ፣ ጣሪያው ከበደን። አንተ ጋ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?"

"ክረምት ነው፣ ያልፋል" አለ ናሆም።

ለሁለተኛው መልእክት፣ "አይዞህ" አለ። ሦስተኛውን አልከፈተውም።

ሐምሌ ላይ ሰው ያልተጣራ ውሃ መጠጣት ጀመረ። እናቶች ለልጆቻቸው ሲሰጡ ቀምሰው ነው የሚሰጡት፤ እጃቸው ልማዱን አልተወም፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ያያል።

የድርጅቱ መኪና የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ማንም አልጠራውም። ኪሩቤል ወንበሩን አላወጣም፤ የልጅ ልጁ ሆዷን ታማለች። ሾፌሩና አንዲት ፈገግተኛ ልጅ ወረዱና የዱቄት እሽጎችን በረድፍ ደረደሩ። ከጣሪያው ውሃ ጋር አንድ ማንኪያ ነው፣ በየወሩ፣ መናጥም አያስፈልግ፣ ነገ ጠዋት ማጣሪያችሁ ይነሳል አለች።

ያብስራ ከሰው ጀርባ ቆሞ ነበር። አንዷን እሽግ አነሳ።

ላዩ ላይ "ሶልያና" ይላል። ከሥሩ የሚስቱ ፊት አለ። ትስቃለች፤ አፏን ሳትገጥም። ፎቶው የሠርጋቸው ነው፤ ናሆም ያነሳው፣ አንዱ ቅጂ በያብስራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ሌላው ናሆም ዘንድ ያለ። በግድግዳው ላይ ባለው ከጎኗ ያብስራ አለ። እዚህ ቆርጠውታል። ከሙሽራው የቀረው አንድ የኮት ትከሻ ብቻ ነበር።

"እኚህ እናት የዚህ አካባቢ ናቸው ይባላል" አለች ልጅቷ።

"ይባላል" አለ ያብስራ። እሽጉን እንዳነሳው ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያ ቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደ። መምህርት ቢታኒያን አገኛትና ያለ ሰላምታ፣ "አሁን እዪው" አላት።

ከሱ ጣሪያ የተቀዳችውን ጠብታ ማጉያው ሥር አደረገችና ግድግዳው ላይ አበራችው። በስተግራ በኩል ለትምህርት የምትጠቀምበትን የድሮ ምስል አቆመች። በድሮው ላይ የባክቴሪያዋ ሆድ በትንንሽ ኳሶች ተሞልቷል፣ አተር እንደታጨቀበት ከረጢት። በአዲሱ ኳስ የለም። እንደታጠፈ አንሶላ ተደራርቦ የተኛ ነገር ብቻ ነው።

"ይኸ ብርሃን የሚያርፍበት ስስ ሽፋኗ ነው" አለች። "ኳስ ኳስ ሲሆን ብዙ ሽፋን በትንሽ ቦታ ይታጨቃል። ደመናን የምንችለው በዚያ ነበር።"

"ማነው ኳስ የሚያደርገው?"

"ብርሃኑን የሚይዙት ፕሮቲኖች ራሳቸው። እያንዳንዷ በትንሹ ዘመም ያለች ናት። ብቻዋን ብትዘም ምንም አታመጣም። ብዙ ሆነው አንዷ ባንዷ ላይ ስትደገፍ ግን የሁሉም መዝመም ይደመርና ሽፋኑን ያጎብጠዋል። እንደ ክብ የጉድጓድ ግንብ፣ ድንጋዩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ሲያዘነብል ዙሪያው እንደሚገጥመው።"

"እና ይኼ?"

"ከደጋፊዎቹ አንዷን አውጥተውባታል። በሷ ቦታ ዱቄቱ ነው የሚደግፈው። ዱቄት ሲያገኝ ይጎብጣል፣ ሲያጣ ይዘረጋል። ጀሪካኑ ውስጥ ሰኔን የሚያሻግር ዱቄት ሳይኖርበት አልቀረም። ቀለሟን አልነኩትም፤ ለዚህ ነው ያልታወቀን።"

"ድሮው የት ሄደ?"

"ይኼኛው ቶሎ ይራባል፤ ውጦታል።"

"አንድ ቤት እንኳ…"

መምህርት ቢታኒያ መብራቱን አጠፋች። "ሁላችንም ካንድ በርሜል ነው የቀዳነው ጋሽ ያብስራ። ላልመጣውም አድርሰውለታል።"

"ልየው ብዬዎት ነበር" አላለችም። ባትለውም ያብስራ ሰማው።

ነሐሴ ሳይጋመስ ሰፈሩ ሁሉ ገዛ። ማጣሪያው እንደገና አጉረመረመ። ጠዋት ጠዋት ጭብጨባው ቀረ፤ መሰላሎቹ ግድግዳ ላይ ተደግፈው አረም ይወጣባቸው ጀመር። ያብስራ ብቻ አልገዛም። ጣሪያው ጥቁር ወይን ጠጅ እንደሆነ በጨለማ ቤት ይኖራል፤ የሚጠጣውን መምህርት ቢታኒያ ጠዋት ጠዋት ከቤቷ ታመጣለታለች። እሷም ደፍ ላይ ቆማ ቀምሳ ነው የምትሰጠው።

ኪሩቤል አንድ ቀን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት ነገር ያጣ ይመስል ነበር።

"ማንም ጥፋቱ ያንተ ነው አይልም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሰው ግን ይላል… ጣሪያህን አብራው። እሷም እኮ እሽጉ ላይ ናት።"

ያብስራ ፊቱን ወደ ጓሮው አዞረ። ኪሩቤልም ጉልበቱን ይዞ ተነሳ።

በመስከረም፣ ፀሐይ ስትመለስ፣ ናሆም መጣ። በዚህ ጊዜ በድርጅቱ መኪና ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ሚዜ" አለ፣ ያለ ቃለ አጋኖ።

"ግባ" አለ ያብስራ።

ገብቶ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እንዳያይ ወንበሩን ትንሽ አዞረ።

"ልትሰማኝ እንደማትፈልግ አውቃለሁ። ግን አልዋሸሁህም። እግዜር ያውቃል፣ ያመጣሁት የሷ ነው። የሰጠችኝ ጠርሙስ ነው። ሌላ ምንም አልገባበትም።"

"ምን ወጣበት?"

"አንዲት ነገር።"

"አንዲት ነገር" አለ ያብስራ።

"ዘንድሮ ባላደርገው ሌላ ሰው ልከው ያደርጉት ነበር። ያ ደግሞ የሷን ይዞ አይመጣም፤ ተራ ነገር አምጥቶ ነው የሚያጠፋባችሁ። እኔ ቢያንስ የሷን… ስሟ በአገሩ ሁሉ ጣሪያ ላይ ነው ያለው ያብስራ። ከዚህ ሰፈር ውጭ ማን ያውቃት ነበር? ስሙን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ተከራክሬ ነው።"

"ፎቶውንስ?"

ናሆም መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

"እኔን የቆረጥከኝ አንተ ነህ ወይስ እነሱ?"

"እነሱ" አለ ናሆም ፈጥኖ። ቆይቶ ግን፣ "አብሬ ነበርኩ" አለ።

ከውጭ የመኪናው ሾፌር ሬዲዮ ይሰማል። ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ። "ላንተ ቤት ዱቄቱ እስከ ዕድሜ ልክ በነጻ እንዲሆን አስፈቅጃለሁ። ይዤው መጥቻለሁ፣ መኪናው ላይ ነው። እባክህ። በጨለማ ቁጭ ብለህ እኔን አትቅጣኝ።" ላቡን በመሐረብ ጠረገ። "መንገዱ አቧራ ነው። ውሃ አለህ?"

ያብስራ ተነሳ። ማሰሮው ጋ ሄዶ አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ተመልሶ መጣና ብርጭቆውን ናሆም ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ቁጭ አለ፤ እጁንም ጭኑ ላይ አደረገ።

ናሆም እጁን ዘረጋ። ብርጭቆውን ያዘና አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጥርስ የሚያበልዘውም ውሃ እንዲሁ ጥርት ያለ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ጸጥተኛው ማጣሪያ አየ። ከዚያ ወደ ያብስራ።

"አልቀመስክልኝም" አለ። እንደ ቀልድ ሊያስመስለው ሞከረ።

"ያን ቀን አንተ ቀምሰህልኝ ነበር" አለ ያብስራ።

ተያዩ። ናሆም ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠው። ሌላ የሚለው ነገር እንዳለ ሁሉ በሩ ላይ ዘገየና ወጣ። ሬዲዮው እየራቀ ሄደ።

ያብስራ ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆውን አነሳና ሳያቋርጥ ጨለጠው። መምህርት ቢታኒያ ጠዋት ያመጣችለት፣ ደፍ ላይ ቆማ የቀመሰችለት ንጹህ ውሃ ነበር።

ባዶውን ብርጭቆ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ መሰላሉን ከግድግዳው አላቀቀና ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዳርቻው ጭቃ ላይ አጋድሞት ተራመደበት። ጫፉ ላይ ሲደርስ ተንበረከከና፣ ውሃው በስሱ ሐምራዊ ከሆነበት፣ አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው። ገና ምንም አልነበረም። ቀምሶ ተፋው፤ ብርጭቆውንም አፉን በመዳፉ ከድኖ፣ ሶልያና ጠርሙሷን እንደያዘችው ብብቱ ሥር ይዞ ተመለሰ።